ያልጠራናቸው

የአገር አቀፉ የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ ዘመቻ የበላይ ኃላፊ አቶ ደርበው ቢሮ፤ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፤ የዘመቻው የመዝገብ ክፍል ኃላፊ ሲስተር እንጉዳይ ያልተፈረመ ደብዳቤ ይዛ ቆማለች።

ሲስተር እንጉዳይ፦ አልፈርምም ብያለሁ እኮ፣ ክቡርነትዎ።

አቶ ደርበው፦ አንብበሽዋል?

ሲስተር እንጉዳይ፦ ሦስቴ። «የቀበሌ ጤና ሠራተኞች የፈጠራ ስልክ ቁጥር በመሙላታቸው የሁለት መቶ አሥራ አራት ሴቶች ውጤት ሳይደርሳቸው ቀርቷል» ይላል።

አቶ ደርበው፦ ታዲያ ውሸቱ የቱ ጋ ነው?

ሲስተር እንጉዳይ፦ ሳይደርሳቸው መቅረቱ እውነት ነው።

አቶ ደርበው፦ እንግዲያው ፈርሚያ! ቋሚ ኮሚቴው አሥር ሰዓት ላይ ይጠብቀኛል። ጥፋተኛ ሳልይዝ ከገባሁ እኔኑ ነው ጭዳ የሚያደርጉኝ።

ሲስተር እንጉዳይ፦ ሠራተኞቹ ይታሰራሉ።

አቶ ደርበው፦ ይታሰሩ! ይኼ ሁሉ ሴት በሽታዋን ሳታውቅ ቤቷ ተቀምጣለች።

ሲስተር እንጉዳይ፦ «ያልጠራናት ጤነኛ ናት» ብለን አይደል የሸኘናቸው? አንዷን ሐሙስ ዕለት ቀበርን። ያኔ ብትጠራ በአንድ ጠዋት ሕክምና ትድን ነበር። አንጀቴ አሯል፣ ክቡርነትዎ።

አቶ ደርበው፦ ነፍስ ይማር። ለዚህ እኮ ነው የምቆጣው! የሌለ ቁጥር ጽፈው...

ሲስተር እንጉዳይ፦ ቁጥሩማ አለ። ዛሬ ጠዋት ደውዬበታለሁ። ይጠራል፣ የሚያነሳው የለም።

አቶ ደርበው፦ የትኛው ቁጥር?

ሲስተር እንጉዳይ፦ ሁሉም አንድ ነው። ሁለት መቶ አሥራ አራት ሴት፣ አንድ ስልክ።

አቶ ደርበው፦ ይኸው! ስንፍና ማለት ይኼ ነው።

ሲስተር እንጉዳይ፦ ከሦስት ወረዳ አሥራ ዘጠኝ ሠራተኞች ናቸው፤ አይተዋወቁም። ስንፍና እንዴት አንድ ቁጥር ላይ ያገናኛቸዋል?

አቶ ደርበው፦ ሴራ ነዋ! የማን ስልክ ነው? ስሙን ንገሪኝና አሁኑኑ ፖሊስ ልላክበት።

ሲስተር እንጉዳይ፦ የመክፈቻውን ዕለት ያስታውሳሉ? አንዲት ሠራተኛ ተነስታ «ቅጹ ያለ ስልክ ቁጥር አይቀበልም፤ ስልክ የሌላትን እንዴት እንመዝግባት?» ብላ ጠየቀች።

አቶ ደርበው፦ አስታውሳለሁ። መልሴ ላይ አዳራሹ በሙሉ አጨበጨበ።

ሲስተር እንጉዳይ፦ ምን ነበር መልስዎ?

አቶ ደርበው፦ ምን ነበር... እንጃ፣ ብዙ ተናግሬያለሁ።

ሲስተር እንጉዳይ፦ «ስልክ የሌላት እናት የእኔን ታስጽፍ፤ እኔው እጠራታለሁ።»

አቶ ደርበው፦ እንጉዳይ... እሱ እኮ የመድረክ ንግግር ነው።

ሲስተር እንጉዳይ፦ እነሱ መመሪያ ነው ብለው ወሰዱት። የበላይ ኃላፊ በማይክሮፎን ሲያዝዝ ምን ይበሉት? ቁጥሩንም ሁለቴ ደግመው ያስጻፏቸው እርስዎ ነዎት።

አቶ ደርበው፦ የዘመቻው ስልክ! እሱን ከዚያን ቀን ወዲህ በእጄም አልነካሁት።

ሲስተር እንጉዳይ፦ ጸሐፊዎ ሰኞ ሰኞ ቻርጅ አድርጋ መሳቢያዎ ውስጥ ትመልሰዋለች። ድምፁን አጥፊው ስላሏት አጥፍታዋለች።

አቶ ደርበው፦ ይኼን ቁጥር ሌላ ማን አመሳክሯል?

ሲስተር እንጉዳይ፦ እኔ ብቻ።

አቶ ደርበው፦ ብቻሽን?

ሲስተር እንጉዳይ፦ ብቻዬን።

አቶ ደርበው፦ በሩን ዝጊውና ተቀመጪ። ልጆች አሉሽ አይደል? ስንት ናቸው?

ሲስተር እንጉዳይ፦ ሁለት። በሩ ክፍት ይሁን። እርስዎ መሳቢያውን ይክፈቱ።

አቶ ደርበው፦ እሺ፣ ከፈትኩት። ምን ይሁን ነው?

ሲስተር እንጉዳይ፦ ስልኩ ላይ የገቡትን መልእክቶች ጮክ ብለው ያንብቡልኝ።

አቶ ደርበው፦ «ወይዘሮ አስካለች፣ በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ይምጡ።» «ወይዘሮ ትበርህ፣ በአስቸኳይ...» «ወይዘሮ ዘርፌ...»

ሲስተር እንጉዳይ፦ ሐሙስ የቀበርናት ዘርፌ ናት።

አቶ ደርበው፦ አምላኬ! አያልቅም እኮ ይኼ... የቀሩት ይትረፉ እንጂ! አምጪ ዝርዝሩን፣ አሁኑኑ ልደውልላቸው!

ሲስተር እንጉዳይ፦ በየትኛው ስልካቸው?