ብድርና ድርሻ

ክረምቱ ከበደ። የአዲሱ ገበያ መንገድ በሰኔ ተቆፈረ፤ መስከረም ጠባ፣ አልተደፈነም። ሐጂ ሸምሰዲን ከብርድ ልብስ ሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው ጭቃውን ሲያዩ ዋሉ። ደንበኛ አልተሻገረውም። በሐምሌ ሠራተኛቸውን አሰናበቱ። በነሐሴ ከዋናው ገንዘብ መብላት ጀመሩ። ከዋናው የሚበላ ነጋዴ የቤቱን ማገር እያወለቀ እንደሚያነድ ሰው ነው።

በዚህ መሐል አንድ ቀን ለባለቤታቸው መድኃኒት ሊገዙ ወደ ጳውሎስ ሆስፒታል ወረዱ። ከፋርማሲው ሲወጡ አንዲት ልጅ አየቻቸውና አስፋልቱን ልትሻገር ታጠፈች። ምሥራቅ ነበረች፤ የሽሮ ሜዳው ሸማኔ የአቶ ኢሳይያስ ልጅ። ከሦስት ዓመት በፊት መቶ ሰማንያ ሺህ ብር ያለ ወለድ አበድረዋት ነበር። በዓመቱ ልትመልስ ፈርማ፣ አባቷም ዋስ ሆነው።

«ምሥራቅ! ነይ ተመለሽ። ማኪና ይገጭሻል፤ እኔ አልገጭም።»

ተመለሰች። አንገቷን ደፍታ ጨበጠቻቸው።

«ጋሼ፣ ያዩኝ አልመሰለኝም።»

«የአበዳሪ ዓይን አይደክምም።»

«በዚህ ሳምንት እከፍልዎታለሁ። ምድጃውን የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ።»

ሐጂ ደስ ሊላቸው ይገባ ነበር። የልጅቱ ፊት ግን መርዶ የሰማ ሰው ፊት ነበር። ሻይ ቤት ይዘዋት ገቡ።

«ምድጃውን ከሸጥሽ በምን ትሠሪያለሽ?»

«አልሠራም። በቃ።»

ሥራዋ እንዲህ ነው። ለታማሚ ኦክስጅን በሚያመርት ማሽን ውስጥ አየሩን የሚያጣራ ጠጠር አለ። ጠጠሩ በዶላር ከውጭ ይመጣል፤ እርጥበት ከነካው ከጥቅም ውጪ ይሆናል። ምሥራቅ በዩኒቨርሲቲ የተማረችውን ይዛ ከአገር ድንጋይ ልትሠራው ተነሣች፤ በብድሩ ምድጃ ገዛች። አርባ ጊዜ ጋገረች፤ አርባውም ተበላሸ። አርባ አንደኛው አየሩን አጣራ፤ በወሩ ዱቄት ሆነ።

«ሦስት ዓመት ድንጋይ ስትጋግሪ!» አሉ ሐጂ። «የአባትሽን ሸማ ብትሸጪ ኖሮ ከፍለሽ፣ ተርፎሽ፣ ድል ባለ ሠርግ አግብተሽ ነበር።»

«ለሸማ ቢሆን ብድር ይስማማ ነበር፣ ጋሼ። ሸማ ዛሬ ይሠራል፣ ነገ ይሸጣል። ምርምር ግን ቀን አይቆረጥለትም። ዓመቱ ሲደርስ ምድጃውን ትቼ ለእርስዎ ለመክፈል ተማሪ ማስጠናት ጀመርኩ። ያገኘሁት ለቤት ኪራይ እንኳ አልበቃም። ሥራውም ቆመ፣ ዕዳውም እንዳለ ቀረ።»

«እኔ እኮ ወለድ አልጠየቅሁሽም!»

«የጎዳኝ ወለድ አይደለም። ቀኑ ነው።»

ሐጂ ያለ ወለድ ማበደራቸውን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከመልካም ሥራቸው ሁሉ በላይ ሲቆጥሩት ኖረዋል። ደግነት ለማይሆን ቦታ ሲሰጥ ሰውን ሊያስር እንደሚችል ማንም አልነገራቸውም።

«ታዲያ ቀን ሳይቆርጥ ገንዘብ የሚሰጥ ማነው? እብድ?»

«ባለድርሻ። ለጀማሪ ድርጅት የመነሻ ካፒታል የሚሰጡ ሰዎች አሉ። ጠጠሩን አይተው ወደዱት። ከተሳካ ከትርፉ ይካፈላሉ፤ ካልተሳካ አይጠይቁኝም። ግን ‹ገንዘባችን ለሥራው ነው፤ የአሮጌ ዕዳ መክፈያ አናደርገውም። መጀመሪያ ከዕዳ ውጪ› አሉኝ።»

«ከዕዳ ለመውጣት ምድጃውን ትሸጫለሽ። ምድጃ ከሌለ ደግሞ ምኑን ይካፈላሉ?»

«ለዚህ እኮ ነው በቃ ያልኩት።»

«እንዲህ ካለው ሥራ ስንቱ ይሳካል?»

«ከአሥሩ ሰባቱ ቢወድቅ አይገርምም።»

«አንቺ ልጅ፣ ንግድ አታውቂም! እንዲህ እያልሽ ማን ይሰጥሻል?»

«እርስዎን አልዋሽም። ለዚህ እኮ ነው ገንዘባቸውን ለብዙ ሥራ የሚበትኑት፤ የተሳካው የወደቀውን እንዲክስ። የልጆቹን ቀለብ የሚያመጣልኝ ሰው ካለ እኔም አልቀበለውም።»

ሐጂ ብርጭቆውን አስቀመጡ። በስልጤ የእናታቸው ጓሮ ትዝ አላቸው።

«እንሰት ታውቂያለሽ?»

«ጋሼ! የዶርዜ ልጅ እኮ ነኝ።»

«በዓመቱ የነቀለው ምን ያገኛል?»

«ቅጠል።»

«እናቴ ችግኙን ሦስት ጊዜ አንሥታ ትተክለው ነበር። ያልጸናውን ትጥላለች፤ ለጸናው ሰፋ ያለ ቦታ ትሰጣለች። ቆጮው የሚበላው ከስንት ዓመት በኋላ ነው።»

«እነሱም እንደዚያ ናቸው። ገንዘቡን ባንድ ጊዜ አያፈሱትም። ጠጠሩ ስድስት ወር ከቆየ ይጨምራሉ፤ ካልቆየ ያቆማሉ።»

«እኔ ነኛ በዓመቱ ልነቅል የመጣሁ!» አሉና ሳቁ። ወዲያው ሳቁን ተዉት። «ትርፍም ኪሳራም የጋራ ከሆነ በእኛም ሃይማኖት ሐላል ነው። ብድሬ ወደ ድርሻ ይዙር።»

«ሱቅዎስ? መንገዱ ተቆፍሮ ገበያ የለዎትም አሉ።»

«ግማሹን ለጫማ ነጋዴ አከራያለሁ። ትንሽ ይጥበበኝ።»

«ገንዘብዎ ሊጠፋ ይችላል እኮ፣ ጋሼ።»

«ሰምቻለሁ። አትድገሚው፣ ሐሳቤን እንዳልቀይር።»

ምድጃው አልተሸጠም። ባለድርሻዎቹ ገቡ፤ ምሥራቅ ማስጠናቱን ትታ ሁለት ሠራተኛ ቀጠረች። ጠጠሩ ዛሬ አራት ወር ይቆያል፤ ስድስት ገና አልደረሰም። ከደረሰ፣ ማሽኑ ሲቆም ሐኪም የዶላር ወረፋ አይጠብቅም። ባይደርስም የተገኘው ዕውቀት እዚሁ አገር ይቀራል። ብድር ክፉ አይደለም፤ ለሚሸጥ ዕቃ ነው። ገና ላልተገኘ ነገር ግን ኪሳራውን አብሮ የሚሸከም ያስፈልገዋል።

ውሉ የተፈረመ ዕለት አቶ ኢሳይያስ ወደ ሱቁ መጡ። ዋስ ከሆኑ ወዲህ እዚያ ሲገዙ የተጠየቁትን ዋጋ ዝም ብለው ይከፍሉ ነበር፤ ባለዕዳ አይከራከርም። ሐጂ በአሮጌው የብድር ወረቀት ላይ «በድርሻ ተከፍሏል» ብለው ጽፈው ፈረሙና ሰጧቸው። አቶ ኢሳይያስ ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ አጥፈው ኪሳቸው ከተቱት። ከመደርደሪያው አንድ ብርድ ልብስ ሳቡ።

«ስንት ነው?»

«ሁለት ሺህ ስምንት መቶ።»

«ለዚህ? ኧረ አላህን ፍራ! ሁለት ሺህ። ሸማኔ ነኝ፤ ክር አታስተምረኝ!»