የሦስት ቀን ድንኳን

ከማስተማር ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር፣ የሰው ጽሑፍ እየተየብኩ እኖራለሁ። ባለፈው ሐሙስ የዕድራችን ዳኛ አቶ መርዳሳ ለእሑድ ስብሰባ የሚቀርብ ማሻሻያ ይዘው መጡ። «በኮሮና ሰበብ ወደ አንድ ቀን ያጠረው የለቅሶ ድንኳን እንደ ቀድሞው ሦስት ቀን ይሁን» ይላል። በደንበኛ ጽሑፍ ጣልቃ ስለማልገባ ዝም ብዬ መተየብ ጀመርኩ።

የሰፈራችን ነርስ ዱሬቲ ግን የእኔ ጠባይ የላትም። ፎቶ ኮፒ ልታስደርግ ገብታ ከጀርባዬ ሆና አነበበችው።

«አካም ጅርቱ፣ ጋሽ መርዳሳ? ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህን ከምርዎ ነው?»

«ፈያ፣ ደህና ነኝ ልጄ። ከምሬ ነው። በሽታው ከሄደ ሰው እንደ ወጉ ይለቀስለት እንጂ።»

«ባጃጅ ነጂው ሦስት ቀን ሥራ ፈትቶ ቤተሰቡ ምን ይብላ? ሐዘንተኛውስ ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ ሲቀበል መቼ ጎኑን ያሳርፋል?»

«እናንተ የተማራችሁ ሁሉን በሰዓት ትለካላችሁ። ቦንቱን ስቀብር ስንት ሰው እንደነበረ ታውቂያለሽ? አሥራ አንድ። ባለቤቴ ከሰው ቀብር ቀርታ የማታውቅ ሴት ነበረች። ድንኳን እንኳ አልተተከለላትም። በዚያ በኮሮናው ሰሞን ድንኳን አይተከል ብዬ የፈረምኩት ደግሞ እኔው ነኝ።»

መተየቤን ትቼ ወደ እሳቸው ዞርኩ። ለካ ሰውዬው ስለ ደንብ አልነበረም የሚከራከሩት። አንጀቴን በሉት።

ዱሬቲም ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ያኔ እርስዎን የሚጠይቅ አልነበረም?»

«ነበረ እንጂ። መሰብሰብ ስለተከለከለ ዕድሩ በቀን ሁለት ሁለት ሰው መደበ። በረንዳዬ ላይ ራቅ ራቅ ብለው ይቀመጣሉ። ከተመደቡት መካከል ፋዲላ ማክሰኞ ማክሰኞ አጥሚት ታመጣ ነበር። ጋሮምሳ ሬዲዮኔን ጠግኖልኝ አብረን ዜና እንሰማ ነበር።»

«እስከ መቼ?»

«ሁለት ወር ይሆናል።»

«ከኮሮና በፊት በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲነሣ ሰውም አብሮ ይበተን ነበር። ዛሬ ደግሞ የድንኳኑን ማጠር ይዘን በተራ መጠየቁን ተውነው። ስህተታችን እሱ ነው። ጎረቤታችን በላይነሽ ባሏን ከቀበረች ሦስት ሳምንቷ ነው። ትናንት የደም ግፊቷን ልለካ ብሄድ፣ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ ደጄን የረገጠ የለም አለችኝ።»

አቶ መርዳሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «እንግዲያስ ቦንቱን አልበደልኳትም ትያለሽ?»

«እነዚያ ሁሉ ሰዎች በረንዳዎ ላይ የተቀመጡት ለማን ብለው ይመስልዎታል? የእሷ ለቅሶ ሁለት ወር ሙሉ ነው የተለቀሰው።»

ሽማግሌው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ወረቀት የማስተካክል መሰልኩ።

«መምህር ዲበኩሉ፣ ያንን ይሰርዙት» አሉኝ። «ድንኳኑ አንድ ቀን ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ግን አባላት በተራ ሁለት ወር ሐዘንተኛውን ይጠይቁ ብለው ይጻፉ።»

በደስታ ጻፍኩት። እንዲህ ከሆነ ሠራተኛው ከሥራው አይቀርም፣ ሳል የያዘው ሰው ከአረጋውያን ጋር በአንድ ድንኳን አይታፈግም፣ ሐዘንተኛውም ብቻውን አይተክዝም። ወረርሽኙ ብዙ ነገር ወስዶብናል፤ በግድ ያስተማረንን ይህን አንድ ደግ ነገር በገዛ እጃችን መጣል አልነበረብንም።

አቶ መርዳሳ ግን እሑድን አልጠበቁም። «ዛሬ በላይነሽን የመጠየቅ ተራ የማን ነው?» ብለው ዱሬቲን ጠየቋት።

«ገና ተራ አልወጣም እኮ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው የእኔ ነው» አሉና ወጥተው ባጃጅ አስቆሙ።