ጠፍርና ባሌስትራ

ከከተማው ወዲያ ከቀረችኝ ማሳ ገለባ ልንጭን ከቦሌ ቡልቡላ ወጣን። ፒክአፑን ልጄ ይነዳል። የመኪናው ባለቤት የሚስቱ አባት ነው፤ ሃያ ሁለት ሰፈር የሚኖር የድሮ ሾፌር። እሱ ፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። መንገዱን ሙሉ «ልጄ በዚህ በል፣ ልጄ ማርሽ ቀንስ» ይለዋል። እኔ በስሙ እንጂ ልጄ ብዬ ጠርቼው አላውቅም።

ድንጋያማው የጋሪ መንገድ ላይ ከጎማው በላይ መኪናውን የሚሸከመው ባሌስትራ ቋ ብሎ ተሰበረና መኪናው በአንድ ጎኑ ጎማው ላይ ተኛ። ልጄ «አባዬ፣ ምን ይሻላል?» ሲል ዞር አልኩ። ለካ የጠራው አማቱን ኖሯል። ሰውየው «ሽቦ ቢኖር ነበር» አለ። ልጄ ለገለባው ማሰሪያ ካመጣሁት የቆዳ ጠፍር አንዱን መንገዱ ዳር ባለው ጅረት ውስጥ ነከረና፣ የተሰበረውን ከባሕር ዛፍ ቁራጭ ጋር ጥርቅም አድርጎ አሰረው።

«ጎበዝ ልጄ! ከማን ተማርከው?» አለው ሰውየው።

«አባቴ ሞፈር ሲሰነጠቅበት እንዲህ ነው የሚያስረው። አስተምሮኝ አይደለም፣ እያየሁት ነው የተማርኩት። ጠፍሩ ሲደርቅ ይበልጥ ይጠብቃል።»

ሰውየው ወደ እኔ ዞሮ «ለእኔም ያሳዩኝ እንጂ» አለኝ።

«ልጄን ይጠይቁት» አልኩና ፊት ገብቼ ተቀመጥኩ።