በሙሴ ቡርዴል መስኮት ላይ የቆመችው ላም

የምስክር ስም፦ ማዳም ዜሊ ኮካር
ዕድሜ፦ 47
ሥራ፦ ክርና ቁልፍ ነጋዴ
አድራሻ፦ ሩዋን ከተማ፣ ከሥዕል ነጋዴው ከሙሴ ቡርዴል ሱቅ ፊት ለፊት
ቀን፦ ጥቅምት 15 ቀን 1879 እ.ኤ.አ.

ተከሳሿን ሊዮኒ ቮትሪየን ከተወለደች ጀምሮ አውቃታለሁ። የሟቹ ሠዓሊ የአንሴልም ልጅ ናት፤ እናቷ ማቱሪንም ጓደኛዬ ነበረች። ሳልጠራ በፈቃዴ መጥቻለሁ። ፊቴ ለምን እንደሚስቅ በመርማሪው ተጠይቄ፣ ደስ ስላለኝ ነው ብዬ መልሻለሁ።

አንሴልም በሕይወቱ ሳለ ሥዕሉን ዞር ብሎ የሚያይለት አልነበረም። ልብስ አጣቢ ሊሥል ፈልጎ በየካቲት ብርድ ማቱሪንን ወንዝ ውስጥ እስከ ጉልበቷ አቆማት። "ትንሽ ቻይ የኔ እመቤት፣ ብርሃኑ ሊያመልጠኝ ነው" ይላት ነበር። ብርሃኑ አላመለጠውም። እሷ ግን በሳንባ ምች ታማ ለፋሲካ አልደረሰችም። እሱም ሥዕሉን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ እያየ፣ ጠጥቶ ጠጥቶ አምና ሞተ። ሊዮኒ መቅበሪያ ስላጣች ሥዕሉን ለቡርዴል ሸጠች።

ከትናንት ወዲያ ሰኞ ሥዕሉ በቡርዴል ሱቅ መስኮት ላይ ወጣ። ወንዙ አለ፣ ዛፎቹ አሉ፤ በማቱሪን ቦታ ግን አንዲት ወፍራም ቀይ ላም ቆማ ውሃ ትጠጣለች። ተሻግሬ ገብቼ "ሙሴ ቡርዴል፣ ሴትዮዋን ምን አደረጓት?" አልኩት።

"ማዳም ኮካር፣ የደከማት ሴት መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ የሚሰቅል ሰው የለም። ስለዚህ ላም አስቀባሁባት፤ ላም ሆድ ታሳርፋለች" አለኝ። ይህንኑ ወዲያው ለሊዮኒ ነገርኳት።

በነጋታው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ገደማ ሊዮኒ ተርፐንታይን የሚባለውን የቀለም ማስለቀቂያና ጨርቅ ይዛ ሱቁ ገባች። እኔም ተከተልኳት። ቡርዴል "ያዟት! አበደች!" እያለ ሲጮኽ፣ እሷ ላሟን ከጭንቅላቷ ጀምራ ትፈትጋለች።

"አይጩኹ ሙሴ። የአባቴ ቀለም ዐሥራ አንድ ዓመት የደረቀ ነው፣ ምንም አይሆንም። ያልደረቀችው የእርስዎ ላም ናት" አለችው።

እንዳለችውም ላሟ እንደ ጭቃ ወረደች፤ የማቱሪን ግንባር፣ ዐይኖቿ፣ ከዚያም ያ ጠማማ አፍንጫዋ ብቅ አለ። ማጨብጨቤን አልክድም።

ቡርዴል "ጭራሽ ታጨበጭቢያለሽ?" ሲለኝ፣ "ለላም አይለቀስማ!" አልኩት።

ፖሊስ ደርሶ የሊዮኒን እጅ ያዘ። ሥዕል አበላሸችብኝ የሚለው ክስ ሐሰት ነው። ያበላሸው እሱ ነው፤ እሷ አጠበችው።

ሥዕሉ እዚሁ ጣቢያ ፊቱ ወደ ግድግዳ ዞሮ መቆሙን ስገባ አይቻለሁ። ማቱሪን የወጣችው እስከ ደረቷ ብቻ ነው፤ እጆቿ ከምታጥበው ልብስ ጋር አሁንም በላሟ ሆድ እንደተሸፈኑ ናቸው። ሊዮኒ ወደ እስር ቤት ከመሄዷ በፊት ከጨርቋ ጋር ጥቂት ጊዜ እንዲሰጣት እጠይቃለሁ። ይህ ካልተቻለ፣ የጓደኛዬ ፊት ወደ ሰው ይዙር።

ከላይ የሰፈረው ተነቦልኛል። በዐይኔ ያየሁትና በጆሮዬ የሰማሁት እውነት ስለሆነ በእጄ ፈርሜያለሁ።

ፊርማ፦ ዜሊ ኮካር

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ባለንብረቱ ላሟን ለማስጠገን ሥዕሉን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ስለሚወስዱት፣ የምስክሯ ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም።

ፊርማ፦ መርማሪ ጉስታቭ ሌፌል