አውቶቡሱ የሚቆምበት ደጅ

በኦሃዮ፣ ድምፅ ሊሰጥ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ሰኞ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ ጎረቤቴ ቬርሊን ስታኪ የደጁን ቅጠል መጥረግ መጀመሩን ለአንባቢ በታላቅ አክብሮት አስታውቃለሁ።

ሽማግሌው ሣሩ መካከል «የትምህርት ቤት ግብር ይብቃ!» የሚል ሰሌዳ ተክሏል። ግብሩ በነገው ድምፅ ከወደቀ የመንግሥቱንም የግሉንም ትምህርት ቤት ተማሪ የሚጭነው አውቶቡስ ወደ መንደራችን መምጣቱ ይቀራል። የመንግሥት ትምህርት ቤቱ የሒሳብ መምህር ትሬንት ግብሩን የሚደግፍ ወረቀት ታቅፎ ሲያልፍ ከሽማግሌው ጋር ተገናኙ። እኔ ባለፈው ሳምንት የቀባሁትን አጥር እንደገና እቀባ ነበር።

«ጋሽ ቬርሊን፣ ቅጠሉ አላልቅ አለዎት?»

«እንደ ግብራችሁ ነው፣ ልጄ። ጠረግኩት ስል ይወርድብኛል።»

«ልጆችዎ የት ተማሩ?»

«እዚሁ። ዛሬ አሪዞና ናቸው። በቤቴ ዋጋ ልክ የምከፍለው ለማን ልጅ ነው?»

«ለእርስዎ ልጆችስ ማን ከፈለ? ጎረቤትዎ ወይዘሮ ኦፓል አልወለዱም፤ ግን እስኪሞቱ ከፍለዋል።»

ቬርሊን መጥረጊያውን ተደገፈ። «ኦፓልን ምን አመጣት አሁን? ነፍሷን ይማር።» ከዚያ ቀጠለ፤ «ታዲያ ወላጅ የወደደውን ትምህርት ቤት ይምረጥ፤ ገንዘቡም ልጁን ይከተል። ምን ክፋት አለው?»

«ሁሉም ልጁን ይዞ ወደ ግል ከሸሸ፣ ለሚቀሩት ማን ይቀራል?» አለ ትሬንት፣ ወረቀቶቹን ደረቱ ላይ ለጥፎ። ግሩም ንግግር ነበር፤ ብሩሼን አስቀምጬ ሰማሁት።

ሽማግሌው ሰሌዳውን ነቀለ። «እሺ፣ ረታኸኝ። ነገ እደግፋለሁ። ኦፓል እንዳትታዘበኝ።»

እውነት ነው፤ ጎረቤት ለጎረቤት ልጅ ሲከፍል መንደር ሰው አያጣም፣ ቤትም ዋጋ አያጣም፣ ሽማግሌም ሲታመም የተማረ ሐኪም ያገኛል። ይህን ልመክር አፌን ስከፍት ቢጫው አውቶቡስ መጥቶ ቆመ።

ስድስት ልጆች ወርደው ወደ ቬርሊን ሮጡ። ለሌላ ሰው ልጅ መክፈል የመረረው ሰውዬ ከበረንዳው ሥር ቅርጫት ሙሉ የታጠበ ፖም አወጣና እያንዳንዱን በስሙ እየጠራ አደለ።

ሰባተኛዋ የትሬንት ልጅ ዊላ ነበረች። ከወንዝ ማዶ ያለውን የግል ትምህርት ቤት ክራባት አስራለች።

«ዊላ! ከማዕዘኑ ወዲያ ውረጂ አላልኩሽም?»

«ፖሙ ያለው እዚህ ነዋ፣ አባዬ።»

ቬርሊን ቀና ብሎ አባቷን አላየውም። ከቅርጫቱ ግርጌ በመሐረብ የተጠቀለለ ፖም አወጣ።

«ያንቺ ይኸው፣ ዊሊዬ። እንደ ሁልጊዜው ተልጧል።»