አታልቅስ የተባለው ልጅ

ነገሩ የሆነው በየከተማው ቪዲዮ ቤት በፈላበት፣ በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሼህ አሕመድኑር የልጅ ልጃቸውን ኸባብን ክንዱን ይዘው በመካነ ሰላም መናኸሪያ አውቶቡስ ይጠብቁ ነበር። ልጁን ከዘጠነኛ ክፍል አስወጥተው ደጎሎ ካለው አጎቱ ዘንድ እርሻ ሊያስገቡት ቆርጠዋል። ሼሁ አርባ ዓመት ለደረሶች፣ ለተማሪዎቻቸው፣ ቁርኣን ያቀሩ፣ አንዴ ከቆረጡ የማይመለሱ ሰው ናቸው።

ጣጣው የመጣው ከጅዳ ነው። እዚያ ለሥራ የሄደችው እህቱ ሩፋይዳ ሰፊ ሱሪ፣ ኮፍያና ወፍራም ሰንሰለት ላከችለት። ሼሁም ከነቢዩ አገር የመጣ ነገር ሁሉ በረካ ይመስላቸዋልና ዱዓ አድርገው በገዛ እጃቸው አለበሱት። ልብሱ በቪዲዮ ቤት የሚታዩት የአሜሪካ ራፐሮች ልብስ መሆኑን የሰሙት በኋላ ነው፤ እንዴት እንዳፈሩ አይጠየቅ! ልጁ ግን ልብሱን ብቻ ሳይሆን የራፐሮቹን ጠባይም ለብሶት ነበር። መሳቅ ተወ፤ እናቱን ፈይዛን ማናገር ተወ፤ በዚያ ሳምንት ደግሞ መድና የምትባል የክፍል ጓደኛውን በተማሪ ፊት በስድብ አዋረዳት።

የክፍሉ ኃላፊ መምህር በፍቃዱ ወደ ገበያ ሲያልፍ አያቸው።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሼህ። በደህና ነው?»

«ወአለይኩም ሰላም። ምን ደህና አለ፣ መምህር! ያ ዘፈን ልጄን በላብኝ። ሄዶ ከመሬት ጋር ይታገል፤ ወንድነት እዚያ ነው።»

«መቆጣትዎ አግባብ ነው። ግን ዘፈኑን እኔም እሰማዋለሁ፤ ድህነትንና ግፍን የሚናገር አለበት። ክፋቱ ምስሉ ላይ ነው። ሰው ሁሉ የሚፈራው፣ የማይስቅ፣ ሴትን እንደ ዕቃ የሚቆጥር ሰው አምጥተው ወንድ ማለት ይሄ ነው ይሉታል። መኪናውም ወርቁም ለቀረጻ የተከራዩት ሊሆን እንደሚችል አይነግሩትም።»

«ታዲያ ጥፋቱ የነሱ ነዋ!»

«የነሱም ነው። ዘር ግን ባልታረሰ መሬት አይበቅልም። ኸባብን ለምን ትወዳቸዋለህ ብዬ ብጠይቀው፣ ‹እነሱ አያለቅሱም› አለኝ። አታልቅስ ያለው ማን ይሆን?»

ሼሁ ማን እንዳለው ያውቃሉ። ከአምስት ዓመት በፊት የኸባብን አባት፣ ልጃቸውን፣ ቀብረው ሲመለሱ፣ የአሥራ አንድ ዓመቱን ኸባብ «ወንድ አይደለህም? እንባህን ዋጥ!» ያሉት እርሳቸው ናቸው። ልጁም ዋጠ። እርሳቸውም የራሳቸውን ዋጡ፤ ከዚያ ወዲያ የሟቹ ስም በቤቱ ተነስቶ አያውቅም።

«ወንድ ካለቀሰማ ቤቱን ማን ያቆመዋል?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ላልቶ ነበር።

«እሱን ከኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ኪታቡ ምን ይላል?»

መልሱ ሼሁ ለደረሶቻቸው ስንት ጊዜ ያስተማሩት ነገር ነው።

«አልቅሰዋል» አሉ ቀስ ብለው። «ነቢያችን ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል። አወይ እኔ! ለሰው ልጅ ያስተማርሁትን ለራሴ ልጅ ነፈግሁት።»

ረዳቱ «ግቡ፣ ልንሄድ ነው!» እያለ ይጣራል። ሼሁ የልጁን ክንድ ለቀቁት።

«ኸባብ፣ አባትህ የሞተ ዕለት አጥፍቻለሁ። አፉ በለኝ፣ ልጄ» ብለው መናኸሪያው መሀል አለቀሱ።

ኸባብ ደነገጠ። «ተዉ አባባ፣ ሰው እያየን ነው» ብሎ ሳይጨርስ እሱም አለቀሰ። አውቶቡሱ ጥሏቸው ሄደ።

ልጁ በአንድ ቀን መልአክ ሆነ አልልም፤ ዘፈኑን ዛሬም ይሰማል። ሰኞ ግን ከክፍሉ ፊት ቆሞ መድናን ይቅርታ ጠየቃት። ጓደኞቹ ሳቁበት፤ ቻለው። ትምህርቱንም ቀጠለ። ሼሁም ደረሶቻቸውን «ነውሩ ሰው ማዋረድ እንጂ ማልቀስ አይደለም» ማለት ጀመሩ። የሚያዝን ልጅ ማዘኑን የሚናገርበት ቤት ካለው፣ ጭካኔን ከውጭ አይበደርም።

በዚያው ሳምንት ኸባብ ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠና፣ «እማ፣ አባቴ ምን ያስቀው ነበር?» ሲል ጠየቃት። ፈይዛ ከዙሁር ሶላት እስከ አሱር ሶላት ነገረችው።