ዋልካ ያላየ ካምሻፍት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ የመኪና ዕቃ የሸጠ ሰው ዕቃውን ጠረጴዛ ላይ ጥሎ «በል ደህና ዋል» አይልም ነበር። አብሮ ይሳፈራል! ስሙኝማ፣ አብሮ ይሳፈራል ነው የምላችሁ። መተማም ይሁን እዚህ ገንዳ ውሃ፣ አብደራፊም ብትሉ፣ ዕቃው ከተገጠመ በኋላ ሻጩ ጋቢና ይገባና መኪናው የመጀመሪያውን መንገድ ሄዶ እስኪመለስ አብሮ ይሄዳል። ቢሰበር አብሮ ያድራል፣ ቢገፋ አብሮ ይገፋል። በሬ የሚሸጥ ሰው ጠምዶ አርሶ ያሳይ የለም? እንደዚያው ነው። ታዲያ እኔ ሐጂ እንድሪስ በዚህ ሱቅ የአሮጌ መኪና ዕቃ ስገዛና ስሸጥ ኖሬ ኖሬ፣ ይኸው በስተርጅና በገዛ መኪናዬ ተጫወቱብኝ! ኧረ አይሳቅም፣ ምን ያስቃል?

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው፣ ከሥሩ ልንገራችሁ። ያቺን አረንጓዴ ጂፔን ታውቋታላችሁ። ከእናንተ ካንዳንዶቻችሁ በዕድሜ ትበልጣለች። ፍጥነት የላትም፣ አህያ ይቀድማታል፣ አልደብቅም። ግን ክረምት ሲገባ፣ ያ ጥቁር ዋልካ ውሃ ጠጥቶ ሲያብጥ፣ ትራክተሩ እንኳ ሆዱ ድረስ ሲሰምጥ፣ እሷ ዱግ ዱግ ዱግ እያለች በቀስታ ትወጣለች። እና ከሰሊጥ እርሻው የታመመ ሠራተኛ ሲኖር ማን ያወጣዋል? እሷ ናት! ከጎጃም ከወሎ ለአረም የሚወርዱትን ልጆች ወባው መች ይምራቸዋል። አምቡላንሱ እንደሆነ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ነው የሚጠብቅ፣ ዋልካው ውስጥ አይገባም። እስከ አስፋልቱ የሚያደርስ ከእሷ ሌላ የለም።

ታዲያ ባለፈው ክረምት መግቢያ ዓይኔን ልታከም ጎንደር ወጣሁ። ልጄን ጀማልን «ሱቁንም ጂፗንም አደራ» ብዬው ነው የሄድኩ። አደራ ነው ያልኩት! አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ሲባል አልሰማም መሰለኝ። እኔ በሌለሁበት ሰለሞን የሚባል ነጋዴ ከወደ ከተማ መጣለት። የሚነግደው ካምሻፍት ነው፣ የተሞረደ ካምሻፍት። ካምሻፍት የማታውቁ ካላችሁ፣ የሞተሩን መተንፈሻ የሚከፍትና የሚዘጋ ዘንግ ነው፣ ላዩ ላይ እንቁላል የመሰለ ጉብታ ጉብታ አለው። ያንን ጉብታ በማሽን ሞርደው ቅርጹን ይለውጡታል፣ መተንፈሻው ሰፋ ብሎ፣ ቆየት ብሎ እንዲከፈት። እና መኪናው አስፋልት ላይ ሲጋልብ ጉልበት ያገኛል። ውሸት አይደለም፣ እኔም እሸጣለሁ። ግን ከላይ የሰጠውን ከታች ይወስዳል! በቀስታ ልሂድ ስትል ሞተሩ አቅም ያጣል።

ሰለሞን ታዲያ ጂፗን ዞሮ ዞሮ አያት አሉ። «ወይኔ! ወይኔ ጀማልዬ! ይቺን የመሰለች ክላሲክ መኪና እንዲህ ስትንፏቀቅ ትኖራለች? ይኼን ፐርፎርማንስ ካምሻፍት ብትገጥምላት እኮ ትበራለች!» ትበራለች አለው! ጂፕ በርራ የት ልትደርስ? ልጄም «አባቴ ሲመለስ ደስ ይለዋል» ብሎ እሺ አለ። የንግዱ ልማድ አሮጌውን ሰጥቶ የተሞረደውን መቀበል ነው፣ እና የጂፔን የራሷን፣ ሞረድ ያልነካውን ካምሻፍት አስወልቆ አስረከበው። ያም ወዲያው ወደ ሞራጆቹ ላከው፣ አስሞርዶ ለሌላ ሊሸጠው። አንድ ጥያቄ ግን አልጠየቀም። «የት ነው የምትነዷት?» አላለም! ካምሻፍት የሚሸጥ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን አይደለም እንዴ? ንገሩኛ!

ከጎንደር ስመለስ ጂፗ ከግቢው ስትጮህ ሰማኋት። ድምጿ ድምጿ አይደለም።

«ጀማል! ምን አደረግካት?»

«አባባ፣ ፐርፎርማንስ ነው።»

«ፐርፎርማንስህን…» ተዉኝ፣ ሰው ፊት የሚባል አይደለም ያልኩት። ሰለሞን ደግሞ ተመልሶ መጥቶ አጠገቧ ቆሟል፣ በስልኩ ይቀርጻታል! ለሌላ ገዢ ሊያሳያት። ነጭ ጫማ አድርጓል፣ እናንተዬ! በክረምት፣ ገንዳ ውሃ፣ ነጭ ጫማ!

እኔ ገና ሳልቀመጥ ከእርሻው ስልክ ተደወለ። ካቦው ነው፣ የሠራተኞቹ አለቃ። «ሐጂ፣ ይበልጣል ታሟል፣ ያ የጎጃሙ ልጅ። ይቃዣል፣ ውሃ እንኳ ሆዱ አልይዝ ብሏል። ጂፗን ይላኩልን፣ ሊሞትብን ነው» አለኝ። ያን ጊዜ ወደ ሰለሞን ዞርኩ።

«በል ግባ።»

«የት ሐጂ?»

«ጋቢና ነዋ። ዕቃ ሸጠህ የለም? ይኼ የመጀመሪያ መንገዷ ነው።»

«ኧረ ሐጂ፣ ቀጠሮ አለኝ። ደግሞ እንዲህ ያለው ነገር አሁን ቀርቷል፣ እኛ ችግር ካለ በስልክ ነው የምናስተናግደው።»

«በስልክ? ዋልካውን በስልክ ትገፋልኛለህ?»

ጎረቤቱ ሁሉ ወጥቶ ያያል፣ ምን ያድርግ፣ ገባ።

አስፋልቱ ላይማ ወላሂ በረረች። ሰለሞን «አዩ ሐጂ! አዩ!» ይለኛል በየመታጠፊያው። ከአስፋልቱ ወርደን ዋልካው ጋ ስንደርስ ጀማል እንደ ድሮው በቀስታ አስገባት፣ እና ሞተሩ ወባ እንደያዘው ሰው ይንቀጠቀጥ ጀመር። «ነዳጅ ስጣት! ስጣት እንጂ!» ይላል ሰለሞን። ሲሰጣት ጎማው በረረ እንጂ መኪናዋ አልሄደችም። ጭቃውን ወደ ሰማይ እየረጨች ባለችበት ቆፈረች፣ ቆፈረችና ቁጭ! ሞተሩም ድርግም። ያቺ ለትራክተር የምታዝን ጂፔ! እንባዬ መጣ፣ ለምን እዋሻለሁ። የንዴት እንባ ነው። ልጁ ወዲያ ማዶ ይቃዣል፣ እኛ ወዲህ ተቀምጠናል፣ አስቡት እስቲ!

«ኸላስ፣ በቃ፣ ውረድ» አልኩት። «ከጀማል ጋር በእግርህ ትገባና ልጁን ተሸክማችሁ ትመጣላችሁ።»

«እኔ?»

«ካንተ ሌላ ማን ሸጠልን?»

እኔ በዚህ ጉልበቴ የትም አልሄድ፣ ከጂፗ ጋር ቀረሁ። ዝናቡ መጣ ሄደ፣ መጣ ሄደ፣ እነሱ የሉም። በኋላ ከእርሻው ሠራተኞች ጋር ብቅ ሲሉ ሰለሞን ልጁን ከተሸከሙበት ቃሬዛ ሥር ነው፣ ከፊት፣ ትከሻው ላይ አድርጎ። ነጩን ጫማ ዋልካው በልቶታል። ፊቱ አይታይም፣ ጭቃ ብቻ። አልሳቅኩም ታዲያ። የሚያስቅ አልነበረም። ጂፗ አጠገብ ሲደርሱ ይበልጣል ዓይኑን ገለጠና በዚያች ደካማ ድምፁ «መኪናዋስ የት አለች?» አለ።

«ቆማለች» አለው ጀማል።

«የሐጂ መኪና? አትቀልዱብኝ እንጂ፣ እሷ አትቆምም» አለ ልጁ፣ እና መልሶ ዓይኑን ጨፈነ።

ሰለሞን ይኼን ሲሰማ አንገቱን ደፋ። እስከ አስፋልቱ ድረስ ሌላ ሰው ልተካህ ቢለው እንኳ ትከሻውን አልለቀቀም። አምቡላንሱ ልጁን ተቀብሎ ሄደ። ተርፏል፣ አልሐምዱሊላህ፣ ዘንድሮም ለአረም ወርዷል። ግን በአላህ ቸርነት ተረፈ እንጂ በፐርፎርማንስ አልተረፈም!

በማግስቱ ሰለሞንን ያዝኩት። «የጂፔን ካምሻፍት መልስ» አልኩት።

«ሐጂ… ተሞርዷል። ተሽጧልም።»

አሁን ሳስበው እንኳ ደሜ ይፈላል! ብረት እንደ ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል እንዴ? አንዴ የተሞረደ ተሞረደ ነው።

«ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አለኝ።

«ይቅርታህን ግጠምና ንዳው!» አልኩት። ሄደ። ቀረ ብዬ ነበር፣ እንዲህ ያለ ሰው መች ይመለሳል ብዬ። ሰነባብቶ ግን መጣ። አብርሃ ጅራ ከአንድ የሞተች ጂፕ ሆድ ውስጥ ያልተሞረደ ካምሻፍት ፈልጎ አግኝቶ፣ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። አስገጠመው። ተገጥሞ ሲያልቅ እኔ ገና አፌን ሳልከፍት እሱ ጋቢና ገብቶ ተቀምጧል፣ በጎማ ቦት ጫማ! «እንሂድ ሐጂ» ይለኛል። ሄድን። ዱግ ዱግ ዱግ፣ ዋልካውን ወጣችው። ይኼን ያደረገው ደግ ነው፣ እሱን አልክድም። ግን የእሷው አይደለም! የእሷው ካምሻፍት የት አገር፣ የማን መኪና ውስጥ ሆኖ ይጮህ ይሆን? ንዴቴ እስከዛሬ አልበረደም፣ እንዲበርድም አልፈልግ።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። እኔ ግን አልወደውም ይኼን ተረት። ገዢ ለምን ይጠርጥር? ምን በወጣው? ሻጭ ይሳፈር እንጂ!

ይኼን ጊዜ ሙሉጌታ፣ ከጎንደር ዕቃ ሊገዛ መጥቶ ጥግ ይዞ ሲያዳምጥ የነበረው ወጣት፣ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ሐጂ፣ እኔ እኮ የመጣሁት የተሞረደ ካምሻፍት ፈልጌ ነበር። ይሸጡልኛል ወይስ ይቆጡኛል?»

«የት ነው የምትነዳት?»

«ጎንደር፣ አስፋልት ላይ። የአባቴ አሮጌ መኪና ናት፣ ሙሽራ ላመጣባት ነው።»

«የራስህን ሙሽራ?»

«የራሴን።»

«አስፋልት ከሆነ ይሆንሃል፣ ውሰድ። እና የመጀመሪያ መንገዷ ወደ ሙሽራዋ ቤት ነዋ?»

«አዎ ሐጂ።»

«በል እንግዲያው ለሚዜዎችህ ከአሁኑ ንገራቸው፣ ጋቢናው ተይዟል።»